እምቢ ያልኩትን አትመልስብኝ፦ ስለ ፓኬጅ ምክርና ስለ ተጠቃሚ ምርጫ

እንደምን ዋላችሁ። ጊዜ ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ በርከት ያሉ ዓመታትን ስለምጠራ ከወዲሁ ልናገር፤ ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የማወራው ስለ አንዲት ትንሽ ቅጽበት ነው። ተርሚናል፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ በጽሑፍ ትእዛዝ የምትሰጡበትን መስኮት፣ ከፍታችኋል። አንድ ፕሮግራም ፈልጋችሁ ስሙን ጻፋችሁ። ኮምፒውተሩ ትንሽ አሰብ አደረገና የስም መዓት ዘረገፈ። የጠየቃችሁት አንድ ነው፤ ሊገባ የተሰለፈው አርባ። ከታች "ልቀጥል?" የሚል ጥያቄ አለ። ከጎኑ በቅንፍ ሁለት ፊደላት አሉ፤ የ"አዎ"ዋ በትልቁ፣ የ"አይ"ዋ በትንሹ ተጽፋለች። ይህ ለውበት የተደረገ አይደለም። ምንም ሳትጽፉ ኤንተር ከነካችሁ ትልቋ ትመረጣለች። "አዎ" አላችሁ ማለት ነው።

አብዛኞቻችን እንነካዋለን። እኔም ለዓመታት ነክቻለሁ።

አንድ ቀን ግን ዝርዝሩን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ላፕቶፑ አሮጌ ነው፤ ዲስኩ ጢም ሊል ትንሽ ቀርቶታል። የፈለግኩት ዶክመንት ከአንድ ፎርማት ወደ ሌላ የምትቀይር ትንሽ መሣሪያ ነበረች። ዝርዝሩ ውስጥ ግን የማላውቃቸው ፎንቶች አሉ። የምስል ማሳያ አለ። ኢሜይል የሚልክ ሰርቨር ሳይቀር አለ። እኔ ኢሜይሌን በብሮውዘር ነው የማነበው። የራሴ የኢሜይል ሰርቨር ኖሮኝ አያውቅም፤ እንዲኖረኝም አልፈልግም። "ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት" የሚባለው ይሄ ነው።

ያን ቀን የመጣብኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተወኝም። ይህን ሁሉ ማን መረጠልኝ? ስለ እኔ ምን አውቆ?

መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት ክፉ ሰው አይደለም። ሜንቴነር የሚባለውን ሰው ነው ያገኘሁት፤ ፓኬጁን፣ ማለትም ለመጫን ተጠቅልሎ የሚቀርበውን ፕሮግራም፣ የሚያዘጋጀውን፣ የሚያድሰውን፣ ሲበላሽ የሚጠግነውን። ብዙ ጊዜ በነፃ ነው የሚሠራው። ዴቢያን በሚባለው የሊነክስ ዲስትሮ፣ ማለትም በሊነክስ ላይ ተሠርቶ በሚሰራጭ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ፣ ይህ ሰው ከፓኬጁ ጋር አብሮ መምጣት ያለበትን ሲጽፍ ዋና ዋና ሦስት ቃላት አሉት። "ዲፔንድስ" ካለ ያለዚያ ነገር ፕሮግራሙ አይሠራም፤ ግድ ነው። "ሰጀስትስ" ካለ "ይህም ሊጠቅምህ ይችላል" ብሎ መጠቆሙ ነው። በሁለቱ መሀል "ሪኮመንድስ" አለ። ይመከራል ማለት ነው። የዴቢያን ደንብ ሲተረጉመው፣ ለየት ያለ አጠቃቀም ከሌለ በቀር ከዚህ ፓኬጅ ጋር አብሮ የሚገኝ ነገር ነው ይላል።

በፊት አፕት-ጌት የተባለው መጫኛ የተመከረውን በራሱ አያስገባም ነበር። ስሙን ያሳያል፣ ያልፋል። በየካቲት 2009 ከወጣው ዴቢያን 5 ጀምሮ ይህ ተለወጠ፤ የተመከረው ሳይጠየቅ አብሮ ይገባል። ምክንያቱ ይገባኛል። ሰዎች ፕሮግራም ይጭናሉ፣ ግማሹ አይሠራላቸውም፣ ለምን እንደማይሠራ አያውቁም፣ ተበሳጭተው ይተዉታል። ሜንቴነሩም እነሱን ለማዳን ሲል ግድ ያልሆነውን ነገር "ግድ ነው" ብሎ ለመጻፍ ይፈተናል። ለውጡ ለብዙ ሰው ጠቅሟል ብዬ አምናለሁ።

ግን አንድ ነገር አብሮ ጠፋ። ዝርዝሩ ላይ ግድ የሆነውና የተመከረው ተደባልቀው ነው የሚወጡት። የትኛውን ብተው ፕሮግራሙ እንደሚሰበር፣ የትኛውን ብተው ምንም እንደማልሆን ከዚያ ስክሪን ላይ ማወቅ አልችልም። መተው እንደምችል እንኳ የሚነግረኝ የለም። መንገዱ አለ፤ "ኖ ኢንስቶል ሪኮመንድስ" የሚል ረዘም ያለ ትእዛዝ ማከል ነው። ኮንቴይነር፣ ማለትም ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር ያሸገ ጥቅል፣ የሚሠሩ ሰዎች ይህን በቃላቸው ያውቁታል፤ እያንዳንዷ ሜጋባይት ስለምትቆጠርባቸው በየፋይላቸው ይጽፉታል። ሌላው ተጠቃሚ ግን ቃሉን ሰምቶት አያውቅም። እምቢ ማለት የሚችለው እምቢ የሚባልበትን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ብቻ ሲሆን፣ ያ ነገር ምክር መሆኑ ያጠራጥረኛል።

"ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" የሚለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ለማስፈራሪያ ነው። እስቲ መሀል ላይ ያለችውን "እምቢ ካለ" የምትለውን ልብ በሉ። ተረቱ ራሱ ተመካሪው እምቢ ሊል እንደሚችል ይቀበላል። መካሪው ሁለቴ ይናገራል፣ ከዚያ እጁን ይሰበስባል። ሶፍትዌር ላይ የምታገልለት ይህን ያህል ነው።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ እምብርት ነው። የሆነው በ2012 ነው፣ እዚያው ዴቢያን ውስጥ።

ኖም የሚባለውን ዴስክቶፕ የሚያዘጋጁት ሜንቴነሮች ከዴስክቶፑ ጋር ኔትወርክ ማኔጀር የተባለውን ፕሮግራም ያቀርባሉ። ስሙ እንደሚለው የኮምፒውተሩን ኔትወርክ የሚያስተዳድር ነው። በቀደመው እትም፣ በዴቢያን 6፣ "ይመከራል" ተብሎ ነበር የተጻፈው። የማይፈልገው ሰው ያወጣዋል። ብዙዎች አወጡት። አንዳንዱ ዊክድ የሚባል ሌላ መሣሪያ ይወዳል። ሌላው ኔትወርኩን በገዛ እጁ ፋይል ላይ ጽፎ ማስተካከል ይመርጣል። እነዚህ ሰዎች ምርጫቸውን በአፍ አልተናገሩም፤ በእጃቸው ሠርተው አሳዩ። ፓኬጁን አወጡት፣ ዴስክቶፑን አስቀሩት።

ለቀጣዩ እትም፣ ለዴቢያን 7፣ ሲዘጋጁ "ይመከራል" የሚለው ወደ "ግድ ነው" ተቀየረ። ሜንቴነሮቹ የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ ዴስክቶፑና ኔትወርክ ማኔጀሩ እየተሳሰሩ ነበር፣ አንድ ወጥ ነገር ማቅረብ ፈለጉ። ጉዳዩ ዴቢያን ውስጥ የቴክኒክ ክርክር ሲከር ወደሚታይበት ኮሚቴ ሄደ። ክርክሩን ሳነበው ሁለት ነገር ያዘኝ። የመጀመሪያው፣ ይህ ፓኬጅ እንደ ሌላው ዲስክ ላይ ቁጭ ብሎ ቦታ ብቻ የሚይዝ አይደለም። ሲገባ ሥራ ይጀምራል፣ የኔትወርኩን መሪ ይጨብጣል። ሁለተኛው ደግሞ ልቤን የነካው ነው። እትሙን ለማደስ ብሎ "አሻሽል" ያለ ሰው፣ ከዓመት በፊት አስቦበት ያወጣው ነገር ተመልሶ ይገባበታል። ኮሚቴው የሜንቴነሮቹን ውሳኔ ሽሮ "ይመከራል" ወደሚለው እንዲመለስ ወሰነ። ዴቢያን ውስጥ ሜንቴነርን መሻር ቀላል ነገር አይደለም፤ ከስንት አንዴ ነው የሚሆነው።

እኔ እዚያ ውሳኔ ውስጥ የማየው ይህን ነው። የተጠቃሚው "አይ" መረጃ ነው። ያውም ካሉን መረጃዎች ሁሉ በጣም ግልጹ። አንድ ሰው ፕሮግራም ሲጭን ለምን እንደጫነ አናውቅም። ሞክሮት ሊሆን ይችላል፣ ሳያስተውል ኤንተር ነክቶ ሊሆን ይችላል። ሲያወጣው ግን ደክሞ ነው ያወጣው። ስሙን ፈልጓል፣ ትእዛዙን ጽፏል፣ ሌላ ነገር እንዳይሰበር ፈርቶ ዝርዝሩን አይቷል። ይህን ያህል የለፋን ሰው ቃል ረስቶ ያንኑ ነገር እንደ አዲስ ማቅረብ አለማዳመጥ ነው።

ደግነቱ የሚያዳምጡ መሣሪያዎች አሉ። አፕት፣ ያው የዴቢያን መጫኛ፣ ፓኬጅ ሲያድስ አንድ የሚያምር ጠባይ አለው። አሮጌው እትም የሚመክረው ነገር እናንተ ጋ ከሌለ፣ አዲሱ እትምም ያንኑ ከመከረ፣ አያስገባውም። "ይሄማ ቀድሞ ቀርቦለት ያልያዘው ነው" ብሎ ያልፋል። አዲስ የተጨመረ ምክር ከሆነ ብቻ ያመጣዋል። ይህን ያሰበ ሰው ስሙን ባላውቀውም አመሰግነዋለሁ። ፌዶራ በሚባለው ሌላ ዲስትሮ ላይ ያለው መጫኛ፣ ዲኤንኤፍ፣ ግን ለረጅም ጊዜ ያወጣችሁትን በእድሳት ጊዜ መልሶ ሊያመጣባችሁ ይችል ነበር። በኋላ ላይ ተመክሮ ማሽኑ ላይ የሌለውን ለይቶ የሚያልፍ ሴቲንግ ተጨመረለት።

ሌላም አለ። አፕት እናንተ በስሙ ጠርታችሁ ያስገባችሁትንና ተከትሎ የገባውን ለይቶ ይመዘግባል። የመጀመሪያውን "ማንዋል"፣ ሁለተኛውን "አውቶ" ይለዋል። የመጀመሪያውን ዝርዝር አንድ ቀን አውጡና አንብቡት። "አፕት-ማርክ ሾውማንዋል" በሚለው ትእዛዝ ይወጣል። እኔ የራሴን ሳየው ደነገጥኩ። ሲስተሙ መጀመሪያ ሲጫን የገባው እንዳለ ሆኖ፣ እኔ የፈለግኩት ሁሉ እዚያ ተጽፏል። የምጽፍበት ኤዲተር፣ ያኔ ስማርበት የነበረው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ፣ አንድ ሰሞን የያዘኝ የካርታ ሥራ። ኮምፒውተሩ ምን እንደምወድ ያውቃል። ያወቀውን ነገር ሲመክረኝ አይጠቀምበትም እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው "እንግዲያው ማሽኑ ይከታተለን ነው የምትለው?" ሊለኝ ይችላል። አይደለም። ያ ዝርዝር እናንተው ዲስክ ላይ ነው ያለው። ምክሩም እዚያው ሊሰላ ይችላል፤ ወደ ማንም መላክ የለበትም። ምርጫችሁን ማክበርና ምርጫችሁን መሰብሰብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሰው ምርጫውን አንዴ ተናግሮ እንዲያርፍ ማድረግ ደግሞ አዲስ ሐሳብ አይደለም። የእነ ሊነክስ አባት በሆነው ዩኒክስ ውስጥ "ኤዲተር" የምትባል ተለዋዋጭ፣ ማለትም ምርጫችሁ የሚቀመጥባት ስም፣ አለች። የምትወዱትን የጽሑፍ ኤዲተር ስም አንዴ ትሰጧታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ኤዲተር መክፈት የሚፈልግ ፕሮግራም እሷን ይጠይቃል። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበውን ጊትን ውሰዱ። ኮሚት ስታደርጉ፣ ማለትም ለውጥ ስታስመዘግቡ፣ መልእክት የምትጽፉበትን ኤዲተር ከመክፈቱ በፊት በተራ ይጠይቃል፤ መጀመሪያ ለጊት ለብቻው የተሰጠ ምርጫ ካለ እሱን፣ ከሌለ የናንተን አጠቃላይ ምርጫ። ማንም ምንም ካልነገረው ብቻ በራሱ ቪአይ የሚባለውን የቆየ ኤዲተር ይከፍታል። ያ የመጨረሻው እርምጃ ስንቱን ሰው እንዳስጨነቀ ታውቃላችሁ። የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎው በ2017 እንደጻፈው፣ ከቪም፣ ከተሻሻለው ቪአይ፣ እንዴት እንደሚወጣ የሚጠይቀው ገጽ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይቷል። ቪም በጣም ጥሩ ኤዲተር ነው፤ እኔም እጠቀመዋለሁ። ያ ሁሉ ሰው ግን ሳይመርጠው ነው ውስጡ ራሱን ያገኘው።

ጄንቱ የሚባል ዲስትሮ ደግሞ ነገሩን እስከ ጥግ ወስዶታል። እዚያ "ዩዝ" የሚባሉ ምልክቶች አሉ። በአንድ ፋይል ላይ "ብሉቱዝ አልፈልግም፣ ፕሪንተር እፈልጋለሁ" ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ከዚያ በኋላ የምትጭኑት እያንዳንዱ ፕሮግራም በዚያ ምርጫ መሠረት ከሶርስ ኮዱ ይገነባል። ብሉቱዝ ያልፈለገ ሰው ብሉቱዝ የሚነካውን ክፍል ጭራሽ አይገነባም። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ መገንባት ጊዜ ይወስዳል፣ ፋይሉንም መረዳት ያስፈልጋል። ለሁሉም ሰው ነው አልልም። ግን ሐሳቡን እዩት። ሰውዬው አርባ ጊዜ አልተጠየቀም። አንዴ ተናገረ፣ ተሰማ።

አርች የሚባለው ዲስትሮ ሌላ መንገድ መርጧል፤ መጫኛው ፓክማን አማራጭ የሆኑትን አይጭንም፣ ከነጥቅማቸው ይዘረዝራቸውና ውሳኔውን ለእናንተ ይተዋል። "ይህ ፓኬጅ ለፒዲኤፍ ድጋፍ" ብሎ። እኔ ይህችን "ለምን" የምትለዋን መስመር በጣም እወዳታለሁ። ምክንያቱን የነገረኝን ሰው እምቢ ማለትም እሺ ማለትም አይከብደኝም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ምክር ሲባል ብዙ ጊዜ "ሌሎች ምን መረጡ?" ከሚለው ነው የሚጀመረው። ብዙ ሰው ያወረደው ፓኬጅ ከላይ ይቀመጣል። ተፈላጊ ማለት ጥሩ፣ ጥሩ ማለት ለአንተ የሚሆን። እዚህ ሰንሰለት ላይ እያንዳንዱ ቀለበት ላላ ያለ ነው።

ዴቢያን ፖፕኮን የሚባል ቆጠራ አለው። ፈቃደኛ የሆነ ማሽን የተጫኑበትን ፓኬጆች ስም በየሳምንቱ ይልካል። ሲስተሙን ስትጭኑ ይጠይቃችኋል፤ እዚያ ላይ አስቀድሞ የተመረጠው መልስ "አይ" ነው፤ እንዲህ መሆኑ ደስ ይለኛል። ፖፕኮን ላይ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። "ተጭኗል" እና "ይጠቀሙበታል" የሚሉትን ለየብቻ ይቆጥራል። የፓኬጁ ፋይሎች በቅርቡ ተከፍተው እንደሆነ ያያል፤ በመደበኛነት የሚሠራበት ከሆነ "ድምፅ" ብሎ ይመዘግበዋል። ሁለቱ ቁጥሮች ለብዙ ፓኬጅ በጣም ይራራቃሉ። የተጫነው ሰማይ ይነካል፣ የሚጠቀምበት ጥቂት ነው። ለምን? አብሮ ስለመጣ። ሌላ ፓኬጅ ስለመከረው። ማንም በስሙ ጠርቶት ስለማያውቅ።

እንግዲህ አስቡት። አንድን ፓኬጅ ለሁሉም እንመክራለን። ሁሉም ኤንተር ይነካል። ቁጥሩ ያድጋል። ከዚያ ቁጥሩን አይተን "ይኸው ሰው ይወደዋል" እንላለን፣ ደግመን እንመክራለን። በዚህ ዙር ውስጥ የሰው ፍላጎት የገባበት ቦታ የለም። የራሳችንን ድምፅ ከገደል ማሚቶ ሰምተን መልስ መሰለን።

ሌላው ቅደም ተከተል ነው። አውሮፓ ውስጥ ማይክሮሶፍት በ2010 ለዊንዶውስ ተጠቃሚዎች የብሮውዘር መምረጫ ስክሪን ማቅረብ ጀመረ፤ ከአውሮፓ ኮሚሽን ጋር የገባው ግዴታ ነበር። አድልዎ እንዳይኖር ብሮውዘሮቹ በዘፈቀደ ቅደም ተከተል መታየት ነበረባቸው። ስክሪኑ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ፕሮግራመሮች ኮዱን አይተው መደባለቁ እኩል እንዳልሆነ አረጋገጡ፤ አንዳንዱ ብሮውዘር አንድ ቦታ ላይ ከሚገባው በላይ ይመላለሳል። የመደባለቂያው ኮድ ስህተት ነበረበት፣ ተስተካከለ። ይህን ታሪክ የማነሳው ለአንድ ነገር ነው። የዝርዝር ቅደም ተከተል ራሱ ምክር ነው። ማንም ሳያስብበት የገባ ስህተት እንኳ ሚሊዮኖችን ወደ አንድ አቅጣጫ ሊገፋ ይችላል። ታሪኩ በዚያ አላበቃም። ከግንቦት 2011 እስከ ሐምሌ 2012 ድረስ በአንድ የዊንዶውስ 7 ማሻሻያ ላይ ስክሪኑ ጭራሽ ቀረ፣ ወደ 15 ሚሊዮን ተጠቃሚዎች ሳያዩት አለፉ። ኮሚሽኑ በ2013 የ561 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለ።

"ግን ትርፍ ፓኬጅ ቢገባ ምን ይጎዳል? ዲስክ እኮ ሞልቷል" የሚሉኝ አሉ። ለእነሱ የመጋቢት 2024ን ነገር አነሳለሁ። ኤክስዜድ የሚባል የማመቂያ (የፋይል መጠን የሚቀንስ) መሣሪያ ውስጥ፣ በ5.6.0 እና 5.6.1 እትሞቹ፣ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር ተገኘ። ዒላማው ከሩቅ ወደ ሰርቨር የሚገባበት ኤስኤስኤች ነበር። ልብ በሉ፤ ኤስኤስኤች ራሱ ያንን የማመቂያ ላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚዋሱትን ኮድ፣ አይፈልገውም። አንዳንድ ዲስትሮዎች ኤስኤስኤችን ከሲስተምዲ፣ ማለትም ማሽኑ ላይ አገልግሎቶችን ከሚያስጀምረውና ከሚቆጣጠረው ፕሮግራም፣ ጋር እንዲነጋገር ብለው አገናኙት። የሲስተምዲ ላይብረሪ ደግሞ ለሌላ ሥራ ሲል ማመቂያውን ይዞ ይመጣል። የወዳጅ ወዳጅ ሆኖ ገባ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ኢንጂነር ኤስኤስኤች ሎጊኑ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተውሎ ባይመረምር ኖሮ ወደ መደበኛዎቹ እትሞች ይዘልቅ ነበር። ይህ የ"ይመከራል" ጉዳይ አልነበረም፤ የ"ግድ ነው" ነው። ግን "አነስ ያለ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው" የሚል ተጠቃሚ እንዲሁ አስቸጋሪ እንዳልሆነ ያሳያል። ያ ምርጫ የደህንነት ምርጫ ነው። ልናከብረው ይገባል።

አሁን ደግሞ አዲስ መካሪ መጥቷል። ኮድ ስንጽፍ አጠገባችን የሚቀመጠው የኤአይ ረዳት። "ይህን ለመሥራት የቱን ፓኬጅ ልጠቀም?" እንለዋለን፣ ወዲያው ይመልሳል። ብዙ ጊዜ ይጠቅማል። እኔም በየቀኑ እጠይቀዋለሁ። ግን ሁለት ነገር ያስጨንቀኛል።

አንደኛው የሌለ ፓኬጅ መምከሩ ነው። እውነት የሚመስል ስም ይፈጥራል። አንዳንድ ጊዜ ያንኑ ስም ለተለያየ ሰው ደጋግሞ ይሰጣል። ክፉ ያሰበ ሰው ያንን ስም ቀድሞ በእውነተኛው የፓኬጅ ማከማቻ ላይ ያስመዘግብና ቫይረስ ያስቀምጥበታል። እናንተ የተመከራችሁትን ትጽፋላችሁ፣ ፓኬጁም "አለ"። ስለዚህ ከረዳት የሰማችሁትን ስም ከመጫናችሁ በፊት ማከማቻው ላይ ገብታችሁ እዩት። መቼ ተመዘገበ? ሶርስ ኮዱ የት ነው? ሁለት ደቂቃ ነው።

ሁለተኛው ከዛሬው ርእሴ ጋር ይገናኛል። ረዳቱ የኔን ፎልደር ያያል። የምጠቀምባቸው ፓኬጆች ዝርዝር እዚያው ተጽፏል። ፕሮጀክቴ ውስጥ ለቀንና ሰዓት የመረጥኩት ላይብረሪ አለ። እሱ ግን ብዙ ጊዜ ያየውን ሌላ ይመክረኛል፤ አሁን ለአንድ ሥራ ሁለት ላይብረሪ ሊኖረኝ ነው። ወይም ደግሞ አሥር መስመር ጽፌ የምጨርሰውን ነገር "ፓኬጅ አለው" ይለኛል። በመጋቢት 2016 ኤንፒኤም በሚባለው የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ማከማቻ ላይ የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሌፍት-ፓድ የሚባል 11 መስመር የሆነ ፓኬጅ ባለቤቱ ሲያነሳው በዓለም ዙሪያ ብዙ ትልልቅ ፕሮጀክቶች መገንባት አቃታቸው። ሥራው ከጽሑፍ በስተግራ ባዶ ቦታ መጨመር ነበር። ከዚያ ወዲህ "ትንሹን ነገር ራሴ እጽፋለሁ" የሚል ሰው የተሳሳተ አይመስለኝም። መካሪው ያንን ሰው ካየ፣ የዚያን ሰው ዝርዝር ካነበበ፣ እንደዚያ ሰው ሊመክረው ይገባል።

ባለፈው ይህንኑ ሳወራ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። "እኔ ገና ጀማሪ ነኝ፤ ምርጫዬ ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ይህን ሁሉ ጥያቄ ብትጠይቁኝ እሸሻለሁ" አለችኝ። ልክ ናት። ለጀማሪ አርባ ጥያቄ መደርደር አክብሮት አይደለም። ለእሷ የሚሆነው ታስቦበት የተመረጠ ዲፎልት፣ ማለትም ሳትጠየቅ የሚቀርብላት ምርጫ፣ ነው፤ ጥሩ ዲፎልት የሚያዘጋጅ ሰው ትልቅ ሥራ ነው የሚሠራው። እኔ የምጠይቀው ያ ዲፎልት ላይ በር እንዲኖረው ነው። ዛሬ ያላወቀችው ነገር ከስድስት ወር በኋላ ይገባታል። ያኔ "ይህን አውጣልኝ" ስትል ይውጣላት፣ ወጥቶም ይቅር።

የሚመከረው ነገር የእምነትም ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ሰው ኮዱ ያልተከፈተ ሶፍትዌር ማሽኑ ላይ እንዲገባ አይፈልግም። ዴቢያን ይህን በደንቡ ውስጥ አስገብቶታል፤ በዋናው ክፍል ያለ ፓኬጅ ከዋናው ክፍል ውጭ ያለን ነገር ግድ ሊያደርግም ሊመክርም አይችልም። መጠቆም ግን ይችላል። ሲያዩት የቃል ጉዳይ ይመስላል። ለዚያ ሰው ግን ሳያውቅ በመግባትና አውቆ በመፍቀድ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ እዚያች ቃል ላይ ነው።

ልጨርስ ነው። እኔም አንዲት ትንሽ ፓኬጅ እንከባከባለሁ። መረጃ አንብባ ሪፖርት የምታወጣ መሣሪያ ናት። ሪፖርቱን የሚያሳይ ባለ መስኮት ፕሮግራም "ይመከራል" ብዬ አስገብቼ ነበር። ማን ሪፖርት አውጥቶ ሳያየው ይቀራል ብዬ። አንድ ቀን መልእክት ደረሰኝ። "መሣሪያህን የምጭንባቸው ማሽኖች ስክሪን የላቸውም። ማሳያህ ግን የግራፊክስ ላይብረሪዎችን ሁሉ ጎትቶ እየገባ ነው" ይላል። ስድብ የለበትም፣ ቁጣ የለበትም። ስክሪን የሌለው ተጠቃሚ ይኖረኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

መስመሩን ወደ "ይጠቆማል" አወረድኩት። በሚቀጥለው እትም ሌሎች ሁለት ሰዎች ጻፉልኝ፤ "ማሳያው የት ሄደ?" ብለው። እነሱም ልክ ናቸው። ለእነሱ እንዴት በእጅ እንደሚጫን መለስኩላቸው፣ ግን አላረካኝም።

በኋላ አርፒኤም በሚባለው፣ እነ ፌዶራ በሚጠቀሙበት የፓኬጅ ዓይነት ላይ አንድ ነገር አገኘሁ። ምክር ሲጻፍ "ከሆነ" ማለት ይቻላል። "ማሽኑ ላይ ዴስክቶፕ ካለ ማሳያውን ምከር፤ ከሌለ ተው።" ፌዶራ ቋንቋን በተመሳሳይ መንገድ ነው የሚይዘው፤ የቋንቋችሁን ጥቅል አንዴ ታስገባላችሁ፣ ትርጉም ያላቸው ፕሮግራሞች የዚያን ቋንቋ ፋይል ተከትለው ያመጣሉ። ለአርፒኤሙ እትም ያንን "ከሆነ" ጻፍኩ። ዴቢያን ላይ እንዲህ ያለ አጻጻፍ ስለሌለ እዚያ "ይጠቆማል" እንዳለ ነው። በፓኬጁ መግለጫ ላይ ግን አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፤ ማሳያው ለምን እንደሚጠቅም፣ ስክሪን የሌለው ሰው ለምን እንደማያስፈልገው።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።